ከፈረስ ጭራ እስከ ጺም ብሩሽ

በእንጅባራ ዙሪያ ካሉት ደጋማ ቀበሌዎች ወደ አንዱ፣ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት የገባ እንግዳ፣ ዓይኑ ከደጁ ብርሃን ተላቆ የቤቱን ጨለማ ሲለማመድ፣ በምሰሶው ኩላብ ላይ ከኮርቻውና ከልጓሙ ጎን አንድ ጭራ ተሰቅሎ ያያል፤ እጀታው ወደ ላይ፣ ጸጉሩ ወደ ታች ሆኖ፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ከምድጃውም ርቆ። ሽማግሌው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ሸንጎ ሲሄዱ ከኩላቡ አውርደው ይይዙታል፤ ሲመለሱም ዝናብ አግኝቶት እንደ ሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ አራግፈው፣ በእጃቸው ጨምቀውና ጸጉሩን በጣታቸው አበጥረው ወደ ቦታው ይመልሱታል እንጂ እርጥቡን ጠቅልለው በሣጥን አያኖሩትም። የዚህች ጽሑፍ ነገር የሚጀምረው ከዚያ ኩላብ ነው፤ የከተማ ሰው ጧት ጧት ጺሙን ሲላጭ ሳሙናውን አረፋ የሚያደርግበት ብሩሽ፣ ምንም እንኳ በባዕድ ስም ቢጠራና ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ቢሆን፣ በጠባዩ የዚያ ጭራ ታናሽ ወንድም ነውና፣ አያያዙም ከታላቁ ሊማር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

እንጅባራ የምትገኝበት አዊ የፈረስ አገር መሆኑን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከባንጃ እስከ አንከሻ፣ ከፋግታ እስከ ዚገም ባለው ምድር ፈረስ ሰው ይሸከማል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ያደምቃል፣ በብዙ አገር ለበሬ ብቻ የተተወውን ሞፈርና ቀንበርም ይጎትታል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ በዐድዋ ዘመቻ ከጌቶቻቸው ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ እንደሚያስብ አባላቱ ይናገራሉ፤ ማኅበሩ የጣሊያን ወራሪ ገና ከአገር ሳይወጣ የተመሠረተ መሆኑንም ልብ ያለ ሰው፣ ፈረስ በዚያ አገር ከጌጥ በላይ እንደ ነበረ ይረዳል። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር የፈረስ ጸጉር እንደ ጉድፍ አይጣልም። የጅራቱ ጸጉር ረጅምና ብርቱ ስለ ሆነ ለጭራ ይሆናል፤ የመሲንቆም አውታርና የደጋኑ ገመድ ከእርሱ ነው። የጋማው ጸጉር ግን አጠር ያለና ለስላሳ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡናው ይያዘው፣ ኋላ እንመለስበታለንና።

በቀድሞው ዘመን የመላጨት ሥርዓት ራሱን የቻለ ትውፊት ነበር። «ላጨ» የምንለው ግሥ «ላጸየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወረደ ነው፤ ቃሉ ጥንታዊ እንደ ሆነ ሁሉ ልማዱም ጥንታዊ ነው። ሆኖም ያ ልማድ ስለ አገጭ ከመጨነቁ ይልቅ ስለ ራስ ይጨነቅ ነበር። ካህኑና መነኩሴው ጺማቸውን አሳድገው ይኖራሉ፤ ምላጭ በራሱ ላይ እንዳይወጣ የተከለከለውን የሶምሶንን ታሪክ ከመጽሐፈ መሳፍንት የሰማ ምእመንም ያልተነካ ጸጉር የስእለት ምልክት መሆኑን ያውቃል። ልጆች ግን ራሳቸው ይላጫል፤ ለወንዱ በመሐል አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል፣ ለሴቷም አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን ጋሜ ይቀርላታል። የሞት ኀዘን የደረሰበት ሰው ራሱን ይላጫል፤ ጸጉሩ እስኪበቅል ድረስም ያየው ሁሉ ሳይጠይቅ ኀዘኑን ይረዳለታል። ምላጩ በአገር ቀጥቃጭ የተሠራ ብረት ነው፤ በሞረድ ይሳላል። ጸጉሩን የሚያለሰልሰው ውሃና እጅ፣ ሲገኝም ከእንዶድ ፍሬ የወጣ አረፋ ነው። ያ የእንዶድ አረፋ እንዲያው የድኻ ሳሙና ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ አጠገብ፣ ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምተው ቀንድ አውጣ በእንዶድ ሊጠፋ እንደሚችል ለዓለም ያስረዱት ከዚሁ ፍሬ ተነሥተው ነው። በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ ብሩሽ ቦታ አልነበረውም፤ የላጪው መዳፍ ይበቃ ነበርና።

ጺምን በየቀኑ መላጨት፣ ለዚህም ሳሙናን በብሩሽ አረፋ አድርጎ ጉንጭን መቀባት፣ የአውሮፓ ልማድ ነው። ዣን ዣክ ፔሬ የተባለው ፈረንሣዊ ስለት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1769 ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው መቶ ዓመትም ሳሙናን አረፋ ማድረጊያው ብሩሽ በፈረንሣይ አገር ተለመደ። ለዚህ ዕቃ የተመረጠው ጸጉር ባጀር የሚባለው፣ በአውሮፓና በእስያ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረው አውሬ ጸጉር ነበር፤ ውሃን አብዝቶ ስለሚይዝና ጫፉ ፊትን ስለማይወጋ። ፈረንሣዮች እስከ ዛሬ ብሩሹን በአውሬው ስም ብሌሮ ብለው ይጠሩታል። ባጀሩ ለማይገኝለት ሰው የዐሣማ ጸጉር ተተካለት፤ በእስፓኝና በቱርክ አገር ግን የሚወደደው የፈረስ ጸጉር ነበር፤ እርሱም የጅራቱን ብርታት ከጋማው ልስላሴ ጋር በመቀላቀል ይሠራል። የአዊ ባለ ፈረስ ጅራቱን ለጭራ ሲመርጥ የሚያየውን ልዩነት የቱርክ ብሩሽ ሠሪም አይቶት ኖሯል።

ወደ አዊ ስንመለስ፣ ዳንግላ ከእንጅባራ ይልቅ ቀደም ብላ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የተዋወቀች ከተማ ናት። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያች ከተማ ቆንስላ ነበረው፤ ሜጀር ችስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በቆንስልነት ተቀምጦባት፣ ከዚያም እየተነሣ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ መረመረ፤ የጉዞውንም ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። ከእርሱ በኋላ የፋሺስት ጦር መጣ፤ በዳንግላም ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ፤ እስከ የካቲት 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ አርበኞችና ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ከሱዳን በኩል የገባው ጦር ሲገፉት፣ ከተማዋን ለቆ ወደ ባሕር ዳር እስኪያፈገፍግ ድረስ። እንግሊዛዊውም ሆነ ጣሊያናዊው መኮንን በዚያ ዘመን ጧት ከድንኳኑ ሳይወጣ በብሩሽና በሳሙና የመላጨት ልማድ ነበረው፤ አገጩን ያልተላጨ ወታደር በአለቃው ፊት እንደ ሰነፍ ይቆጠር ነበርና። ይህ ልማድ ከጦር ሰፈር ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትም ወደ ጸጉር አስተካካዩ ወንበር ተሻግሮ፣ ከነጻነት በኋላ የከተማ ሰው ልማድ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ፈረስ ጸጉር ብሩሽ አንድ አሳዛኝ ታሪክ ሳልናገር አላልፍም፤ የጸጉርን ንጽሕና ቸል ማለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያልና። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርዝ ጢስ በጦር ሜዳ ላይ በተለቀቀ ጊዜ፣ የመከላከያው ጭምብል ከፊት ጋር በደንብ እንዲጣበቅ ወታደሩ ሁሉ ጺሙን መላጨት አስፈለገው። ጂሌት የተባለው ኩባንያ ብቻ ለአሜሪካ ጦር 3.5 ሚሊዮን መላጫ አቀረበ። እንግዲህ ይህን ለሚያህል ሕዝብ ብሩሽ ከየት ይምጣ? የባጀሩ ጸጉር ከሩስያና ከቻይና ተነሥቶ በጀርመንና በፈረንሣይ አገር እየታጠበና እየተመረጠ ይሸጥ የነበረ ነው፤ ጦርነቱም ያንን መንገድ ዘጋው። ስለዚህ ነጋዴዎች የእስያን የፈረስ ጸጉር በቀጥታ ማስመጣት ያዙ፤ ባጀር እንዲመስልም አድርገው እየሠሩ፣ በእንፋሎት ሳያጠሩት፣ በርካሽ ዋጋ ሸጡት።

በዚያ ጸጉር ውስጥ ግን የአባ ሰንጋ ዘር ተደብቆ ነበር። አባ ሰንጋ የአገራችን ከብት አርቢ ሁሉ የሚፈራው በሽታ ነው፤ ከብቱን በድንገት ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር፣ በቆዳና በጸጉር ላይ ደርቆ እንኳ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ምላጭ የጫረችው ጉንጭ ላይ ያ ብሩሽ ሲያልፍ፣ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ትንሽ እብጠት ይወጣል፤ እብጠቱም የማያም፣ መሐሉ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል ይሆናል። ፔኒሲሊን ገና ባልተገኘበት በዚያ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ ወታደሮችና ሰላማዊ ሰዎች በዚህ ተያዙ፤ የሞቱም ነበሩ፤ ከጥይት ያመለጠ ሰው በጺም ብሩሽ ሲሞት ማየት ለሐኪሞቹ ከባድ እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ነበር። እየመረመሩ ሲሄዱ ምክንያቱን ከአዲሶቹ ብሩሾች ላይ አገኙት። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1919 አባ ሰንጋን ለመከላከል ሕግ አወጣ፤ በ1920 ከጃፓን የሚመጡ የጺም ብሩሾችን ከለከለ፤ በ1921ም በሊቨርፑል ወደብ ከውጭ የሚገባ ሱፍና ጸጉር በፎርማሊን የሚጠራበት ሥፍራ ከፈተ።

ይህ ታሪክ ለአዊ ባለ ፈረስ የሩቅ ወሬ አይምሰለው። በክት መብላት በሕጋችን የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን በሽታ የገደለውን እንስሳ ሥጋውን ጥሎ ጸጉሩንና ቆዳውን የሚወስድ ሰው አይጠፋም። ብሩሽም ሆነ ጭራ የሚሠራ ሰው ጸጉሩን ጤነኛ ከሆነ፣ በሕይወት ካለ ፈረስ ይቁረጥ፤ ከሞተው፣ ይልቁንም በድንገት ከሞተው፣ አንዲት ዘለላ እንኳ አይንካ።

አሁን ወደ አደራረቁ ልግባ። የአዊ ደጋ በውሃ የተባረከ ምድር ነው። እንጅባራ፣ አባቶቻችን ኮሶበር የሚሏት ከተማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በዓመትም በርሷም በዳንግላም ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው ቢባልም፣ በአዊ ደመናው ከዚያ ቀድሞ ይመጣል፣ ዘግይቶም ይሄዳል። በእነዚያ ወራት ልብስ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፤ ጫማ ይሻግታል፤ መጽሐፍ በሣጥን ውስጥ ይረጥባል። እንዲህ ባለ አየር ብሩሹን እንደ ቆላ ሰው በየትም ጥሎ ይደርቃል ብሎ ማመን ሞኝነት ነው።

ይህን የምለው ካየሁት ነው። አባቴ በዳንግላ ከተማ ሲሠሩ የገዙት ብሩሽ ነበራቸው፤ እጀታው እንጨት ነበረ። አይጥ እንዳያገኘው ብለው ተላጭተው ሲጨርሱ ከነእርጥበቱ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሩት ነበር። በአንድ ክረምት ማለቂያ ቆርቆሮው ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው፤ የጸጉሩ ሥር በአረንጓዴ ሻጋታ ተሸፍኖ፣ እጀታው ተሰንጥቆ፣ ጸጉሩም በነካካነው ቁጥር ይረግፍ ጀመር። አያቴ በአጠገባቸው ተቀምጠው ነበርና፣ «ልጄ፣ ጸጉር እርጥቡን ከታሸገ ይበሰብሳል፤ እኔ ጭራዬን ወዴት እንደምሰቅላት አታይም?» አሉ። አባቴም መልስ አልነበራቸውም።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። በብሩሹ ጸጉሮች መካከል ያለው ጥበት ውሃውን አንቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ብሩሹን ዘቅዝቆ መስቀል ብቻውን ውሃውን አያፈስሰውም፣ ቀጥ አድርጎ ማቆምም ብቻውን አያበሰብሰውም። ስለዚህ ነገር ሁለት ወገን ሆነው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ በእኔ ፍርድ ሁለቱም ዋናውን ሥራ ረስተውታል። ዋናው ሥራ ከመስቀል በፊት ያለው ነው። ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅቅ፣ ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ብሩሹ ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፤ በጸጉሩ ሥር የቀረ ሳሙና ደርቆ እንደ ኖራ ይነጣል፣ ጸጉሩንም ይሰባብራልና። ውሃው ፊት የሚችለው ይሁን እንጂ የፈላ አይሁን። ከዚያም ጸጉሩ በመዳፍ ሳይጠመዘዝ ይጨመቃል፤ ቀጥሎ እንደ ጭራው በብርቱ ይራገፋል፤ በመጨረሻም ንጹሕ ፎጣ ላይ ወዲያና ወዲህ ይታበሳል። ይህን ያደረገ ሰው ከውሃው አብዛኛውን አስወግዷል፤ የቀረውን የሚያወጣው ነፋስ ነው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ መስቀል ወይስ ማቆም ለሚለው፣ ለአዊ አገር መስቀልን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የቀረችው ጥቂት ውሃ ወደ ጸጉሩ ጫፍ ብትወርድ ማንንም አትጎዳም፤ ወደ ሥሩ ብትወርድ ግን ጸጉሩን የያዘውን ሙጫ ታላላለች፣ የእንጨቱንም እጀታ አሳብጣ ትሰነጥቃለች። የአባቴን ብሩሽ ያጠፋው ይህ ነው። የሚሰቀልበትም ቦታ ነፋስ የሚያልፍበት ጥላ ይሁን፤ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ከሌለው፣ ብሩሹ ከዚያ ወጥቶ በሌላ ክፍል መስኮት አጠገብ ይዋል። የክረምቱ እርጥበት ያስጨነቀው ሰው ከሰል ወደ ተያያዘበት ምድጃ ማስጠጋቱን አይሞክር፤ በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከተስፋፋ ወዲህ ከሰል በአገሩ እንደ ልብ ነውና ፈተናው ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የፍም ሙቀት ጸጉሩን ያሳርረዋል እንጂ አያደርቀውም፣ ጢሱም ሽታ ይተውበታል። ይልቅስ ሁለት ብሩሽ ያለው ሰው ቀን እያሳለፈ ቢያፈራርቃቸው አንዱ ሲሠራ ሌላው ያርፋል። የነጣ ደለል የያዘውን ብሩሽ ደግሞ ጥቂት አቼቶ በተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ ማጠብ ይፈውሰዋል።

ለመስቀያው የእንጅባራ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በከተማዋ አጠገብ በአውራ ጎዳናው ዳር ወንበሩን፣ አልጋውን፣ መደርደሪያውን ከቀርከሃ እየሠሩ የሚሸጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ቀርከሃ የአገሩ ደጋ በረከት ነው። ከአንድ አንጓ ቀርከሃ ቀዳዳ ያለው ትንሽ መስቀያ መሥራት ለእነዚያ እጆች የአፍታ ሥራ ነው፤ ከባሕር ማዶ ከሚመጣው የብረት መስቀያም የተሻለ ነው እላለሁ፣ አይዝግምና። ለመንገደኛም ቀርከሃው ጎን ጎኑን ተበስቶ ማኅደር ሊሆንለት ይችላል፤ ነፋስ የማይገባበት ማኅደር ግን ያው የብስኩት ቆርቆሮ ነው።

ዛሬ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ጸጉር ቤት የሚሰማው ድምፅ የቶንዶዝ ድምፅ ነው፤ ጺምም በእርሱ ይከረከማል፤ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣው አረፋም ብሩሹን ከብዙ ቤት አስወጥቶታል። የኤችአይቪ ትምህርት በተስፋፋበት ጊዜ ሰው የራሱን ምላጭ ይዞ ወደ ጸጉር ቤት መሄድ ተማረ፤ ያም ደግ ትምህርት ነበረ። ነገር ግን ምላጩን ለራሱ ብቻ ያደረገ ሰው በብዙዎች ጉንጭ ላይ የሚመላለሰውን ብሩሽ ቸል ማለቱ አይገባም ነበር፤ ስለዚህ ብሩሹም የግል ዕቃ ሊሆን ይገባል፤ የግል ዕቃ ከሆነ ደግሞ አያያዙ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። በሚገባ የተያዘ ብሩሽ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ የታሸገው ግን አንድ ክረምት አያልፍም።

አንባቢ ሆይ፣ ከአባትህ የወረስኸው ወይም ከገበያ የገዛኸው ብሩሽ በቤትህ ካለ፣ ዛሬ ከተኛበት ሣጥን አውጣው፤ እጠበው፣ አራግፈው፣ ነፋስ በሚያልፍበትም ቦታ ጸጉሩን ወደ ታች አድርገህ ስቀለው። የአያቴ ጭራ አሁንም በኩላቧ ላይ ናት፤ ከጸጉሯም የረገፈ የለም።